ምርጫ ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ስልኩ ግን በእጃችን ነው

እሑድ መውጣት የተፈቀደላችሁም፣ ይህችን መጽሔት በጓደኛ እጅ ተልካላችሁ ሌሊት በክፍላችሁ የምታነቧትም፣ ሁላችሁንም እናስባለን።

በዚህ እትም የምናነሣው ስለ ምርጫ ነው። «ፖለቲካን በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ምን አመጣው?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም ብዙ ተመካክረንበታል። ማንን ምረጡ፣ ማንን አትምረጡ የሚል አንድም ቃል ከዚህ ጽሑፍ አታገኙም። ነገር ግን ስለ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ መወራት ከጀመረ ወዲህ በአዳራሻችን የሰማነው ነገር ዝም የሚያሰኝ ሆኖ አላገኘነውም።

ከአንድ እሑድ እንጀምር። ጊዜው ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ነው። እዚህ ቤይሩት ከእኛ በፊት የፊሊፒንስ እኅቶች ቅዳሴ ስላላቸው፣ እነሱ ሲወጡ እኛ ስንገባ በር ላይ እንገናኛለን። ያን ዕለት አንዷ እየሳቀች መጥታ ለአገሯ ምርጫ ድምፅ እንደሰጠች ነገረችን። አገራቸው በ1995 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎች ባሉበት ሆነው ይመርጣሉ። በዚያ ዓመት ለውጭ ሰዎች የተሰጣቸው ጊዜ ከሚያዝያ 2 እስከ ግንቦት 1 ድረስ አንድ ወር ሙሉ ነበር፤ የእረፍት ቀን የሌላት ሠራተኛ እንኳ አንድ ቀን እንድታገኝ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን የሊባኖስም ምርጫ ነበርና የአንዲት እኅታችን ማዳም ልጅ ፈረንሳይ ሆኖ ለሊባኖስ ፓርላማ ድምፁን ሰጥቶ፣ ለእናቱ በስልክ ሲነግራት እኅታችን ቡና ይዛ ቆማ ሰምታለች።

ፊሊፒናዊቷ «የእናንተስ መቼ ነው?» ስትለን እርስ በርሳችን ተያየን።

የእኛ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጭ ኢትዮጵያዊ፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። በ2013ቱ ምርጫ በውጭ አገር የተከፈተ ምርጫ ጣቢያ አልነበረም። ልብ በሉ፤ እኛ የሌላ አገር ፓስፖርት ይዘን ቢጫ ካርድ የወሰድን ትውልደ ኢትዮጵያውያን አይደለንም። ፓስፖርታችን፣ ያውም ማዳም ቆልፋበት ካልሆነ፣ የኢትዮጵያ ነው። ዜግነታችን ሙሉ ሆኖ ሳለ መምረጥ ያልቻልነው እግራችን አገር ቤት ስላልሆነ ብቻ ነው። ይህ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሕግ ዐዋቂዎች እንተወውና (እኛ ግን ፊሊፒንስ የቻለችውን እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየንም)፣ ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። ድምፅ ባንሰጥም ምርጫ ውስጥ አለንበት። የምንገባበት በር ደግሞ ስልካችን ነው።

አንዲት እኅታችን ስሟ እንዳይጻፍ አደራ ብላን ታሪኳን ነግራናለች። ያደገችው ወሎ ነው። አባቷ ካረፉ ወዲህ የእናቷንና የታናሽ ወንድሟን ቤት የያዘችው እሷ ናት። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ምርጫው ሊደርስ ሲል፣ ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏን ከዘጋች በኋላ ሌሊት ሌሊት በስልኳ ቪዲዮ ስታይ ከረመች። አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ አንዱ ከሌላው ይብሳል። በመጨረሻ በቁጣ ሆና ወንድሟ ዘንድ ደወለች። «እነ እገሌን ከመረጥህ የመስከረም የትምህርት ቤት ገንዘብ ከእኔ አትጠብቅ» አለችው። ለእናቷም ይህንኑ ደገመችላቸው። ወንድሟ ዝም አለ። እናቷ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ብለው ወሬ ቀየሩ።

ምርጫው ሰኔ 14 ቀን ተደረገ። በሳምንቱ ስትደውል ወንድሟ የምርጫ ካርድ አውጥቶ እንደነበር፣ በዕለቱ ግን ከቤት እንዳልወጣ ነገራት። «አንቺ ያልሽውን መምረጥ አልፈለግሁም። ሌላ መርጬ ደግሞ አንቺን መዋሸት አልፈለግሁም። ስለዚህ ተኝቼ ዋልሁ» አላት። እናቷ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ማልደው ሄደዋል። «እማዬ፣ ማንን መረጥሽ?» ብትላቸው፣

«ከመጋረጃው ጀርባ አንቺ አልነበርሽም» አሏት።

እኅታችን ይህን ስትነግረን መጀመሪያ ተናድዳ እንደነበር፣ ሁለት ቀን እንዳልደወለች፣ በሦስተኛው ቀን ግን ልብስ ስትተኩስ ድንገት ማዳሟ ትዝ እንዳለቻት ነው ያወራችን። ያን ጊዜ ሊራው የወደቀበት፣ ደመወዟ ስድስት ወር የተያዘበት ጊዜ ነበር። ማዳሟ «ይህን ካላደረግሽ ገንዘብሽን አታገኚም» ስትላት የሚሰማት ነገር አለ፤ ያንኑ ነገር ለወንድሟ በስልክ ልካለት ነበር። ደመወዝ የያዘ ሰው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኛ ከቤት ሠራተኞች በላይ ማን ያውቃል? አገር ቤት ደግሞ ደመወዝ ያዢዎቹ እኛ ነን። ቤተ ሰቦቻችን በፊታችን «እሺ» ይሉናል፤ ከኋላ ግን ወይ ይዋሻሉ፣ ወይ እንደዚያ ልጅ ይተኛሉ። እኅታችን የመስከረሙን ገንዘብ ላከች። ስለ ምርጫ ግን እሷም ወንድሟም እስከ ዛሬ አያነሡም ብላናለች።

ሌላም የሚያስፈራን ነገር አለ። ከዚህ ሆነን የምንናገረው ነገር መዘዙ የሚወድቀው እዚያ ባሉት ላይ ነው። ከአዘጋጆቹ ሁለታችን ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነበርን። ሰው ገና ሳይነጋ ተሰልፎ፣ ወንበርና ጃንጥላ ይዞ፣ አንዳንዱ ከሰዓት በኋላ ድረስ ቆሞ ሲመርጥ አይተናል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ንብና ስለ ሁለት ጣት ነበር፤ የፓርቲዎቹ ምልክቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ቆጥሯል። በሰፈራችን ለቅሶ ተቀምጠናል። በዚያው ሰሞን ከውጭ የሚደወለውን ስልክም እናስታውሳለን፤ «ውጡ፣ አትፍሩ» የሚሉን ሰዎች ሰልፍም ጥይትም በሌለበት አገር ነበሩ። ዛሬ ደዋዮቹ እኛ ነን።

በ2013 ዓ.ም. የሆነውንም ሳንጽፍ አናልፍም። ለእረፍት ቀን በጋራ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት እኅቶች ነበሩ፤ ከተለያየ ክልል የመጡ፣ አንድ ትሪ ላይ የሚበሉ። ምርጫው ሲቃረብ ሁለቱ በፓርቲ ተጣሉ፤ ከፓርቲው ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ ስድብ ሄደ። ሦስተኛዋ የትግራይ ልጅ ናት። በትግራይ በዚያ ጊዜ ጦርነት ነበር፤ ምርጫም አልተካሄደም፤ ስልኩም ተቋርጦ ነበር። ሲጨቃጨቁ ቆይታ «እናንተ የምትጣሉት እናቶቻችሁ ማንን ይምረጡ በማለት ነው። እኔ እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም» ብላቸው ወጣች። ሁለቱ ዝም አሉ። ያም ሆኖ ክፍሉ በዚያው ወር ተበተነ። ኪራዩን የሚካፈል ሰው አንሶ ሁለቱ እሑድ እሑድ መሄጃ አጡ። በኋላ ያቺ እኅታችን ከእናቷ ጋር በስልክ የተገናኘች ዕለት ግን እልል ካሉት መካከል ሁለቱም ነበሩ፤ ይህን በዓይናችን አይተናል።

እንግዲህ ትእዛዝ መስጠቱ ካልሆነ፣ ዝም ማለቱም ካልሆነ፣ ምን እናድርግ ስንል በመጀመሪያ ራሳችንን ፈተንን። አንድ እሑድ በአዳራሹ ሠላሳ የምንሆን ተሰብስበን «የተወለድሽበትን ወረዳ ወክሎ ተወካዮች ምክር ቤት የገባው ሰው ማን ነው?» ብለን ጠየቅን። የሚያውቅ አልተገኘም። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ሁሉም ያውቃል፤ ስለ እሱ ሁሉም የሚለው አለው። የወረዳውን ተመራጭ ግን አንዲትም አላወቀችም፤ ጥያቄውን ያወጣነው እኛም አላወቅንም።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር በቀጥታ በሕዝብ አይመረጥም። አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች የተከፈለች ስትሆን፣ ከእያንዳንዱ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ለአምስት ዓመት ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይገባል። አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። ስለዚህ እናታችሁ ለምክር ቤቱ በሚሰጣቸው ወረቀት ላይ የሚያደርጉት ምልክት ለአንድ የአካባቢያቸው እጩ ነው። ከዚሁ ጋር ለክልሉ ምክር ቤት፣ አዲስ አበባ ከሆነ ለከተማው ምክር ቤት፣ ሌላ ወረቀት ይሰጣቸዋል። እጩው የፓርቲ ሰው ሊሆን ይችላል፣ የግል ተወዳዳሪም ሊሆን ይችላል። «ማንን ትመርጣላችሁ?» ከማለት ይልቅ «በእናንተ በኩል ማን ማን ቀረበ? የት አደገ? ከዚህ በፊት ምን ሠራ? ሲናገር ሰምታችሁታል?» ብለን ብንጠይቅ፣ ጠይቀን የምንማረው እኛ ነን፤ እነሱም ለመመለስ ሲሉ ሄደው ይሰማሉ። አንዲት የጅማ ልጅ እንደዚህ ጠይቃ አጎቷ «እኔስ መቼ አወቅሁ፣ ቆይ ልጠይቅና ልደውልልሽ» ብለው በሳምንቱ የሦስቱን እጩዎች ነገር አንድ በአንድ አጫውተዋታል። ስልኩ በእሳቸው ሒሳብ መሆኑም ያልተለመደ ነው ብላ ስቃለች።

«ፓርላማው ለእኛ ምን አደረገልን?» የምትልም አለች። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ከምናስበው በላይ ቅርብ ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከመካከላችን በእገዳው ዘመን በጎን በር የወጡ፣ በሱዳን በኩል የዞሩ፣ ለደላላ የቤተ ሰብ በሬ ያሸጡ አሉ። በዚያው መካከል፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ምክር ቤቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣ። ይህ አዋጅ ተጓዥዋ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችና ሥልጠና ወስዳ የብቃት ማረጋገጫ ያገኘች እንድትሆን አዘዘ። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪ መሆኑን፣ የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የክትባት ወጪ ደግሞ የሠራተኛዋ መሆኑን ጻፈ። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። ለትኬት ተብሎ የሦስት ወር ደመወዝ የተቆረጠባችሁ እኅቶች ይህን ስታነቡ ምን እንደምትሉ እንገምታለን። ከሌላ አገር ጋር የሚደረግ ስምምነትንም የሚያጸድቀው ይኸው ምክር ቤት ነው።

ታዲያ በየመንደራችን ለውድድር የሚቀርበው ሰው ስለዚህ ሕግ ምን ያስባል? ሴት ልጅ ዐረብ አገር ያልላከ ቤት በጥቂቱ በሚገኝበት ወረዳ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አለመኖሩ ያስገርመናል። እኛ ስብሰባው ላይ ቆመን አንጠይቅም። እናቶቻችን፣ እኅቶቻችን፣ ተመልሰው የገቡ ጓደኞቻችን ግን ይችላሉ። «ልጄ ደመወዟን ስትከለከል ኤምባሲው እንዲደርስላት ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል እናት ፊት እጩው መልስ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስድስትን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ከሚናገሩት ወገን የነበሩ መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ዝም አላሰኟቸውም፤ ጉባኤውን ጠርተው ራሱ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። ያ ሁሉ የጀመረው የድሃ ሴቶች ምግብ ስለ ጎደለ ነው።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከአዘጋጆቹ አንዳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት በስልኳ የደረሳትን ቪዲዮ አይታ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ «እገሌ የሚባለው ቦታ ተቃጠለ» ብላ ተናገረች። የዚያ አገር ልጅ እዚያው ነበረች፤ ወደቀች፣ ውኃ አፈሰስንባት። ማታ ቤተ ሰቧን ስታገኝ ሁሉም ደኅና ነው፤ ቪዲዮው የቆየ፣ ያውም የሌላ አገር ነበር። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን አንድ ልማድ አለ። ቪዲዮ ሲመጣ ቀኑና ቦታው የት እንደተጻፈ እንፈልጋለን፤ ካልተጻፈ ለማንም አንልክም። የዚያ ቦታ ልጅ በመካከላችን ካለች ቀስ ብላ አገር ቤት ደውላ እንድትጠይቅ እናደርጋለን፤ ካልሆነም አንድ ሌሊት እናሳድረዋለን። በምርጫ ሰሞን የሚመጣው ወሬ ደግሞ ከሌላው ጊዜ በብዙ ይበልጣል። አብዛኛውን የሚያስነሣው ሰው እንቅልፍ እንደ እኛ በአምስት ሰዓት ሥራ ጨርሶ የሚተኛ፣ በአሥራ አንድ የሚነሣ ሰው እንቅልፍ አይደለም።

ወደ አገር ለመግባት የተዘጋጃችሁ እኅቶች ለእናንተ የተለየ ቃል አለን። የሊራው መውደቅና የወደቡ ፍንዳታ (ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.) ከደረሰ በኋላ ብዙዎች ተመልሰዋል። ከእነሱ አንዷ በጥር 2013 ደሴ ገባች፤ በሚያዝያ ለመራጭነት ልትመዘገብ ብትሄድ ገና ሦስት ወሯ ነበርና ስድስት ወር አልሞላሽም ብለው መለሷት። «አሥራ አንድ ዓመት ከአገሬ ወጥቼ ስመለስም እንግዳ ሆንሁ» ብላ ደውላልን አልቅሳለች። ስለዚህ የመመለሻችሁን ቀን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ይህን ስድስት ወር አስቡት። እንደገባችሁ ሌላው ነገር ሳይይዛችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ መታወቂያችሁን አድሱ። ምዝገባው ከምርጫው ቀን ወራት ቀድሞ የሚደረግና የሚዘጋ ነው፤ ያን ጊዜ ያልተመዘገበ በምርጫው ቀን ቢሰለፍም አይመርጥም። ካርዳችሁን ለማንም አትስጡ፤ «ላስቀምጥልሽ» ለሚል ዘመድም ቢሆን። ፓስፖርታቸውን «ላስቀምጥልሽ» ለተባሉ ሰዎች ይህን ማብራራት አያስፈልገንም።

የኢትዮጵያ ሴት የመምረጥ መብት ያገኘችው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገብተዋል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ከአዘጋጆቹ የአንዳችን አያት በዚያ ዘመን ጎልማሳ ነበሩ። መምረጥ እንደሚችሉ ግን የነገራቸው አልነበረም፤ የሰሙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። በአንድ በኩል የትውልድ ወረዳችሁን ትጽፋላችሁ፤ በሌላው በኩል ቤተ ሰብ ጠይቃችሁ የምርጫ ክልሉን ስምና አሁን ያለውን ተመራጭ ስም ትሞላላችሁ። ሦስተኛው ረድፍ እጩውን እንዲጠይቁላችሁ የምትፈልጉት ነገር ነው። እስካሁን አሥራ አራት ወረዳ ተጽፏል። የተመራጩ ስም የተሞላው በአምስቱ ብቻ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ግን ሞልቶ ወረቀት ጨምረንበታል። እስክሪብቶው ከሰሌዳው ጋር በክር ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱት።